ሜትሩ የወጣለት ቢራቢሮ

ይህን የምጽፈው ካርቱምን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ሰዎች ነው። እኔም ከመሄዴ በፊት ስለ ከተማዋ የማውቀው ሙቀቷንና እህቴ ዘሃራ ከዚያ የምትልክልንን ሽቶ ብቻ ነበር። የሄድኩት ጦርነቱ ሳይጀመር፣ ሰዉ ገና በየቤቱ ሳለ ነው። ያገኘኋቸው ሰዎች ዛሬ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ደህና መሆናቸውን ግን አጠያይቄ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የሚያስቅ ቦታ ላይ ስትደርሱ ሳትሳቀቁ ሳቁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። አባቴም ልብስ ሰፊ ነበር። በቤታችን አንድ ልማድ አለ። ለሴት ልጅ ጠያቂ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ የፈለጉትን ያህል ቢናገሩ አባቴ በአፉ አይመልስላቸውም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የልጁን ትከሻ ከለካ የሙሽራ ልብሱን ሊሰፋለት ነውና ፈቅዷል ማለት ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ከቀረ ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። አባቴ ሲሞት ሜትሩ ለእኔ ደረሰ።

ታላቅ እህታችንን ያገባትን ሰው አባቴ የለካው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ጫማው ደስ ብሎት። ያ ትዳር ምን እንደነበረ መዘርዘር አልፈልግም። እህቴ ዛሬ የምትኖረው ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ “ጫማ አይቼ፣ ጫማ አይቼ” እያለ ይቆጭ ነበር።

ታናሿ ዘሃራ ካርቱም ሰው ቤት እየሠራች ወጣትነቷን ጨርሳለች። ታናናሾቻችንን ያስተማረችው እሷ ናት። አንድ ቀን ደውላ ያሲን የሚባል ሰው ሊያገባኝ ይፈልጋል፣ እኔም እፈልጋለሁ አለች። ወላጆቹ በስደት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ እዚያው አድጓል። እናቴ ስልኩን ዘግታ ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች።

“ሂድና እየው። ጫማውን አይደለም፣ ሰውየውን” አለችኝ።

ሰኞ

ከፈጅር ሰላት በኋላ ተነሳሁ። ሜትሩን ጠቅልዬ በሱሪዬ ኪስ ከተትኩ። እናቴ ለዘሃራ ድርቆሽና በርበሬ ሰጥታኝ ነበር። በርበሬው ሁለት ፌስታል ተደርቦለታል፤ እኔ ግን የዕቃ መጫኛው ላይ እንዳይቀደድብኝ ብዬ ጭኔ ላይ ይዤው ተሳፈርኩ። ከደብረ ታቦር አለፍ እንዳልን አውቶቡሱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ፌስታሉ ፈነዳ። ሾፌሩ ሳይቀር አስነጠሰ። መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ ወርዶ ዓይኑን በውሃ ሲያጥብ እኔ ከወንበር ሥር በርበሬ እሰበስብ ነበር። የተሳደበኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀሩት “የእናት በርበሬ ነው፣ ምን ይደረጋል” አሉኝ። ሜትሩም በርበሬ ሆነ።

ጎንደር አደርኩ። ማታ እናቴ ደወለች።

“ሜትሩን አወጣኸው?”

“እማ፣ ገና ጎንደር ነኝ።”

“ጥሩ፤ አታውጣው።”

ማክሰኞ

ወደ መተማ ስንወርድ ልብሴን አንድ በአንድ አወለቅሁ። ሹራቡ ጭልጋ ላይ፣ ኮቱ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወለቀ። መተማ ስደርስ የቀረኝ ለወግ ያህል ነው። ደሴ ላይ በዚህ ወር ሰው ጠዋት ጠዋት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ነው የሚሄደው። ያደርኩበት ቤት ባለቤት፣ ወፍራም ደግ ሴት፣ አልጋዬን ወደ ግቢው አስወጥታ አንሶላውን ውሃ ነከረችልኝ። እርጥብ አንሶላ ላይ የሚተኛ ሰው ያመዋል ብዬ ልከራከራት ሞከርኩ። “እስኪያምህ መቼ ይቆይልህና፣ ገና ሳትተኛ ይደርቃል” አለችኝ፤ እንዳለችውም ሆነ።

ረቡዕ

ድንበሩ ላይ ቦርሳዬን የከፈተው ሱዳናዊ ፈታሽ ደጋግሞ አስነጠሰና በእጁ እለፍ አለኝ። የእናቴ በርበሬ እንዲህ ጠቀመኝ።

ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሜዳ ነው። ሜዳ ስላችሁ የኮምቦልቻን ሜዳ እንዳታስቡ። ደሴ ላይ ከቤቴ ወደ ሱቄ ስሄድ ቁልቁለት፣ ስመለስ ዳገት ነው፤ እዚህ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ያየሁት ነገር ግመል ብቻ ነው። ገዳሪፍ ላይ ለቁርስ ወርደን ብቻዬን ጥግ ልይዝ ስል የማላውቃቸው ሰዎች “ተፈደል፣ ተፈደል” እያሉ፣ ና ብላ ማለታቸው ነው፣ በእጅጌዬ ጎትተው ፉል ከሚበሉበት ትሪ ዙሪያ አስቀመጡኝ። ሒሳቡን ሊያካፍሉኝ ነው ብዬ በጥንቃቄ ጥቂት ጎረስኩ። በኋላ ኪሴን ስነካ ተቆጡ። ያን ጊዜ ባለመጥገቤ ቆጨኝ።

ካርቱም ስንደርስ መሽቷል። ዘሃራ የምትኖረው ሳጃና በሚባለው ሰፈር ነው፤ ከሐይቅ ከመጣችው ጓደኛዋ ከፋጡማ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ሰፈሩ ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ ግማሹን መንገድ በአማርኛ ነው የጠየቅሁት። ዘሃራ አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች፤ ቀጥላ አስነጠሰች።

የቤቱ ባለቤት ዓም ኡስማን ሽማግሌ ሱዳናዊ ነው። ዓም ማለት አጎቴ እንደማለት ነው። ወንድ ሆኜ የሴቶቹ ክፍል ማደር ስለማይሆንልኝ እሱ ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋ ዘረጋልኝ፣ የራሱን ነጭ ጀላቢያ አለበሰኝ፣ ሁለት ጊዜ እራት አበላኝ። ጀላቢያውን በሙያ ዓይን አየሁት፤ ወገብ የለው፣ ትከሻ የለው፣ ሁለት ሰው ይገባበታል። ለብሼው ስተኛ ግን ነፋስ በእጅጌው ገብቶ በአንገቴ ወጣና ሰፊውን መረቅሁት።

ሐሙስ

ዘሃራ ወደ ሥራ ስትወጣ “ነገ ጁምዓ ነው፤ ያሲን ሩጫ ይዞህ ሊሄድ ነው። ትችላለህ?” አለችኝ።

“የት ነው ሩጫው?”

“ሶባ፣ እርሻ ለእርሻ። በየጁምዓው እንሮጣለን። ቢራቢሮ እናያለን።”

ሁለተኛውን ነገር ንቄ ተውኩትና በመጀመሪያው ተቆጣሁ። ጦሳ ተራራ ሥር ያደግሁ ሰው በዚህ ዝርግ አገር ሩጫ ይከብደኛል? እግሬን ላፍታታ ብዬ የዓም ኡስማንን ጀላቢያ ሰብሰብ አድርጌ በሳጃና መንገድ ሶምሶማ ጀመርኩ።

ሳጃና ውስጥ ሐበሻ አይሮጥም። ይህን የነገረኝ አልነበረም። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አየችኝና ዕቃዋን በጨርቅ ጠቅልላ ብድግ አለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ከአንድ ቡና ቤት ወጣቶች ወጥተው ተከተሉኝ። ዞር ስል መንገዱ በሚሮጥ ሐበሻ ተሞልቷል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሩጫ የሚወድ ሕዝብ ነው አልኩ። ቀጥዬ ፊታቸውን ሳይ ደነገጥኩ። እነሱ እኔን አይተው ይሮጣሉ፣ እኔ እነሱን አይቼ ፍጥነት ጨመርኩ፣ እኔ ስፈጥን እነሱ ባሰባቸው። አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ገብቼ ከዱቄት ጆንያ ኋላ ስደበቅ አጠገቤ የተደበቀው ሰው “ስንት ናቸው?” አለኝ።

“እነማን?”

“ፖሊሶቹ ነዋ።”

ነገሩን የገለጠችልኝ ፋጡማ ናት። ወረቀት የሌለውን የውጭ አገር ሰው ፖሊስ አንዳንድ ቀን ያፍሳል፤ አፈሳውን ከሻ ይሉታል። “እዚህ አገር ሐበሻ የሚሮጠው ለከሻ ብቻ ነው። ምነው ሰይዶ፣ ገና በአንድ ቀንህ ሰፈሩን አፈለስከው” አለችኝ እየሳቀች። ከሰዓት በኋላ ከእሷ ጋር እየዞርኩ ሻይ ሻጮቹን ይቅርታ ጠየቅሁ። እያንዳንዷ ይቅር ያለችኝ ሻይ አጠጥታኝ ነው፤ በስኳር ልሞት ነበር።

ማታ ያሲን መጣ። እግሩን ላለማየት ለራሴ ቃል ገብቼ ስለነበር ከወገብ በላይ ብቻ አየሁት። ቀጭን ነው፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ተሰክቷል። ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ተምሮ ሥራ ሲያጣ የውሃ ማቀዝቀዣ መጠገን ጀመረ፤ ሙከይፍ የሚሉት፣ በእርጥብ ገለባ ውስጥ ነፋስ እያሳለፈ ቤት የሚያቀዘቅዝ ሣጥን ነው። ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት አገሩ ሁሉ ገለባ ስለሚያስቀይር ሰሞኑን ከጀብራ ሰፈር ጣራ ወደ ሳሃፋ ሰፈር ጣራ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ቃል ሲጠፋው “ያኒ” ይላል፣ “ማለት” እንደማለት ነው።

“ጋሼ ሰይድ፣ ያኒ... እናንተ አገር፣ ደሴ፣ ቢራቢሮ አለ?” አለኝ ከሰላምታው እንደጨረስን።

ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዘመዶቹ ልጠይቀው ያዘጋጀሁትን ሁሉ አጠፋብኝ።

“በሽ ነው” አልኩት።

“ብርቱካናማው? ጫፉ ጥቁር የሆነው?”

“እሱማ በሽ በሽ።”

እውነቱን ለመናገር ቢራቢሮ ቆሜ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ያሲን ግን ዓይኑ በራ። አባቱ ወደ አገሩ ሳይመለስ ሞቷል፤ በመስከረም እኛ አገር ቢራቢሮ መንገድ ይዘጋል እያለ ይነግረው ነበር። ካርቱም ላይ ቢራቢሮ የሚበዛው አሁን፣ በየካቲት፣ ብርሲም የሚሉት የከብት መኖ ሲያብብ ነው። ረቢዕ ይሉታል፤ ጸደይ ማለት ነው። እኔ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ጸደይ ነው ሲሉኝ በትሕትና ራሴን ነቀነቅሁ።

እናቴ ደወለች። “ሥራው ምንድነው?”

“ማቀዝቀዣ ይጠግናል። በተረፈው ቢራቢሮ ያያል።”

“አይቶስ?”

“ይሄው ነው፤ ያያል።”

“ሜትሩን ኪስህ ውስጥ አጥብቀህ ያዘው” አለችኝ።

ዓርብ

ዓም ኡስማን ሶባ ውስጥ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር፣ የብርሲም እርሻ አለው። በማለዳ ዘሃራንና ፋጡማን፣ ሌሎች የወሎ ልጆችን፣ ያሲንንና እኔን ፒካፑ ላይ ጭኖ ወሰደን። ሴቶቹ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ሲያጥቡና ሲያበስሉ የከረሙ ናቸው፤ ያቺ ጠዋት የእነሱ ናት። በረጅም ቀሚስና በሻሽ ላይ የሩጫ ጫማ አድርገው መኪናው ላይ እየዘፈኑ ሄዱ። ዘሃራን እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

ሩጫው ሕግ አለው። አንድ ሰው ቢራቢሮ ካየ እጁን ያነሳል፤ ሁሉም ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቢራቢሮው እስኪሄድ ማንም አይነቃነቅም። ሕጉን ስሰማ ሳቅሁ። ሩጫው ከተጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከዚህ የበለጠ ጥሩ ሕግ በምድር ላይ እንደሌለ ተገነዘብኩ።

መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ይቀላል ብዬ ነበር። ሜዳ ግን ቁልቁለት የለውም፤ እኛ አገር ዳገቱን የወጣ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ያርፋል። እዚህ ማረፊያ የለም። ፀሐዩ ወጣ፣ የመስኖው ቦይ ዳር ያለው አቧራ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ፣ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ያሲን አጠገቤ ሆኖ ያለችግር ያወራኛል። እኔም እጄን አነሳሁ።

ሁሉም ቆመ። “የት?” አለ ያሲን በሹክሹክታ።

“እዚያ... ከሣሩ ኋላ። ሄደ መሰለኝ።”

ትንሽ እንደሮጥን ሌላ አየሁ። ከዚያ ሌላ። ሦስተኛው ላይ ፋጡማ በጎሪጥ ታየኝ ጀመር። አራተኛውን ሳሳይ እውነትም አንድ የሚያብረቀርቅ ቀይ ነገር ብርሲሙ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠጋ ሲሉ የከረሜላ ወረቀት ሆነ። አፈርኩ። ያሲን ግን እጁን ኋላ አጣምሮ ወረቀቱን ረጋ ብሎ ተመለከተ፤ ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ሳይነቃነቅ ቆመ። ከዚያ “ይሄኛው ብርቅ ነው፤ እዚህ ብቻ ነው የሚገኘው” አለና ቀጠለ። አልሳቀብኝም።

ከዚያ የሱዳን ደግነት ደረሰብኝ። ብርሲም የጫነ የአህያ ጋሪ ከኋላ መጥቶ ሰውየው ፊቴን አየና ደነገጠ። ያሲን እንደተረጎመልኝ “ምን ሆናችሁ፣ ማን ሞተ?” ነው ያለው። ማንም እንዳልሞተ፣ እንዲሁ ለጤና እየሮጥን እንደሆነ ሲነግሩት አላመነም። እኔን በብብቴ ይዞ ብርሲሙ ላይ አወጣኝ። እምቢ ብዬ እንደነበር ለምስክር ይያዝልኝ፤ ቢሆንም በጣም አልታገልኩም። እንዲህ ሆኖ ሩጫውን በአህያ ጋሪ ሁሉንም ቀድሜ ጨረስኩ። ፋጡማ ሳልፋት “አይዞህ የደጋው አንበሳ” አለችኝ።

ወንዙ ዳር፣ የዓም ኡስማን ማሳ ጫፍ ላይ፣ ዛፍ ሥር ተዘርግቼ ጠበቅኳቸው። ሲደርሱ ዙሪያዬን ተቀመጡ። ዓም ኡስማንም ሻይና ፉል ይዞ መጣ። ልነሳ ስል ያሲን እጁን አነሳ።

“ጋሼ፣ በአላህ፣ እንዳትነቃነቅ።”

ጉልበቴ ላይ ነበረች። ብርቱካናማ፣ ጫፏ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሰፈረባት። ክንፏን ቀስ ብላ ትከፍትና ትዘጋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ የተዋጣለት ጥለት በእጄ ገብቶ አያውቅም። ቀለሙ ከጥቁሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ስፌት ፈለግሁ። ደሴ ላይ እነዚህ ሁሉ ዘመናት በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ የት ነበርኩ ብዬ በእውነት ተናደድኩ።

ያሲን በሆዱ ተኝቶ ተጠጋ። “ስፋቷን ባውቅ” አለ ትንፋሹን ይዞ። “ስንት ዓመት ሞከርኩ፤ አትቆምልኝም፣ ትሄዳለች።”

እጄ ያዘዝኩት አይደለም። የልብስ ሰፊ እጅ ስፋት የሚል ቃል ከሰማ ወደ ኪስ ይገባል። ሜትሩን አወጣሁ፣ ዘረጋሁ፣ ወደ ጉልበቴ አስጠጋሁ።

ዘሃራ የቤታችንን ልማድ ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራቸው ኖሯል። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ሜትር ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። ሜትሩን ከያሲን ትከሻ አጠገብ ሲያዩት ፋጡማ ናት የጀመረችው፤ እልልታው ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። ሌሎቹ ተቀበሏት። ቢራቢሮዋ በረረች። ዘሃራ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ። ዓም ኡስማን ምን ሆነ ብሎ ጠየቀና ሲነገረው ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ።

ሰው ዱዓ ሲያደርግ ማቋረጥ አይቻልም። ሜትሩን እንደያዝኩ እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ዱዓው ረጅም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ የጋሪው ሰውዬ ከነጎረቤቶቹ መጥቶ አሚን ይል ጀመር። ለቢራቢሮዋ ነው ያወጣሁት ለማለት አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው ያቅፈኛል ወይም ፉል ያጎርሰኛል። ያሲን ብቻ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከተማ ስንገባ እናቴ ደወለች። የፋጡማ የድምፅ መልእክት ሐይቅ ደርሶ፣ ከሐይቅ ደሴ ወጥቶ ነበር።

“አወጣኸው አሉ።”

“እማ፣ ለቢራቢሮ ነው ያወጣሁት።”

“ልጄን ከቢራቢሮ ጋር ነው የምትድራት?”

እንደምንም አስረዳኋት። ስትሰማ ቆይታ ድምፅዋ ተለወጠ። “አባትህም ለጫማ ነው ያወጣው” አለች። “ዛሬ አንዷ ልጄ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰይድ፣ አውቶቡስ ላይ ሳትወጣ በልብህ ቁረጥ። ካልሆነም አልሆነም በል፤ እኔ ዘሃራን አጽናናታለሁ።”

ቅዳሜ

ያሲን ቀኑን ሙሉ አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። ዘሃራ የመንገድ ሸሚዜን ተኮሰች፣ የተኮሰችውን መልሳ ተኮሰች። እኔ ግቢው ውስጥ በገመድ አልጋው ላይ ተጋድሜ ተበሳጨሁ። ስለ ሰውየው የማውቀው ምንድነው? ለከረሜላ ወረቀት እንደሚቆም። በዚህ ሴት ልጅ ይዳራል? ሰው ሁሉ እልል ካለለት በኋላ ደግሞ ጠፋ፤ ነገሩ ከተቋጨ ምን ያስጨንቀዋል አልኩ። አሁን ደግሞ ጫማውን ባየሁት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ዓም ኡስማንም ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

እሑድ

አውቶቡሱ በማለዳ ነው የሚነሳው። ዘሃራና ፋጡማ ሸኙኝ። መቀመጫዬን ይዤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ያሲን እየሮጠ መጣ። በሩ ጋ ወረድኩ። አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያላየ ነው።

“ጋሼ፣ ትናንት ያልመጣሁት... ያኒ፣ ሰዎቹ ጋ ሁሉ ሄድኩ” አለኝ። “ሳጃና፣ ጀብራ፣ ሳሃፋ። ልጆቹን በየሚሠሩበት ቤት በር ላይ ጠራኋቸው። ሜትሩ ለቢራቢሮ ነው የወጣው፣ ለእኔ አይደለም አልኳቸው። ሶባም ሄድኩ፣ ለጋሪው ሰውዬ ነገርኩት። ለዓም ኡስማንም በጠዋት ደውዬ ዱዓውን ይመልስልኝ አልኩ።”

“ዱዓ ይመለሳል እንዴ?”

“እሱም እንደዚያ አለኝ። ሳቀ።” ትንፋሹን ሰበሰበ። “ዘሃራ የታላቅ እህቷን ነገር ነግራኛለች። ዘሃራ በስህተት እንድትዳር አልፈልግም። አንተ በልብህ አይተህ እምቢ ካልክ ኸላስ፣ አለቀ፣ እምቢ ነው። ግን እልልታ ስለተባለ ብቻ እሺ እንዳትል።”

ዘሃራ ይህን ከእኔ ጋር እኩል ነው የሰማችው። እኔን ሳይሆን እሱን ታይ ነበር። እኔ እሷን አየሁ። አባቴን አሰብኩት፤ በሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ጫማ አይቼ ሲል።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። “ያላ፣ ያላ” አለ።

“ቀጥ ብለህ ቁም” አልኩት ያሲንን።

“እ?”

“ቀጥ በል፤ ትከሻህን አታጉብጥ።”

ሜትሩን አውጥቼ ትከሻው ላይ ዘረጋሁ። በሱቄ እንደለመድኩት ቁጥሩን ጮክ ብዬ ጠራሁ፤ የሚጽፍ ግን አልነበረም። በመስኮት የምታየን አንዲት የወረባቦ ሴት “ትከሻውን እኔ በቃሌ ይዣለሁ፣ ቀጥል” አለችኝ። ደረቱን ከኋላዋ ለተቀመጠ አንድ የወታደር ቤት ጡረተኛ ሰጠሁ፤ ያን ስለካ ሜትሩ ላይ የቀረው በርበሬ ያሲንን አስነጠሰውና ደግሜ ለካሁ። ወገቡን ሾፌሩ ራሱ ያዘ፤ ቶሎ እንዲያልቅለት። እጅጌውን አንድ የገዳሪፍ ነጋዴ በዓረብኛ ተቀበለኝ። ፋጡማ እልል አለች። ዘሃራ አሁን አላለቀሰችም፤ የያሲንን ሌላ እጅ ይዛ ስትስቅ ጥዬያት ተሳፈርኩ።

መንገዱን ሁሉ ሰዎቹ ቁጥራቸውን እያነበነቡ ሄዱ። ነጋዴው ገዳሪፍ ላይ ሲወርድ ተመልሶ መስኮቴን አንኳኳና እጅጌውን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። የወረባቦዋ ሴት እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ደሴ ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። “አወጣኸው?” አለች።

“አወጣሁት።”

“ጫማው ምን ዓይነት ነው?”

“አላየሁትም” አልኳት፤ እውነቴን ነበር። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቁጥሮቹን በጠመኔ ጻፍኩ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፤ አንድም አልጎደለም። እንዲያውም አንድ ቁጥር ተረፈኝ። ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ፣ በጣም ትንሽ፣ ለኮሌታም ለእጅጌ ጫፍም የማይሆን። የማን እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ መቀሱን ይዤ ቆየሁ። ለካስ የቢራቢሮዋን ስፋት እልልታው ሳይነሳ ዓይኔ ከሜትሩ ላይ አንብቦት ኖሯል። የሙሽራውን የደረት ኪስ ስፋት በዚያው ልክ ቆረጥኩት።